ከጀርባ ባሉ ጋላክሲዎች ብርሃን የቅርብ ጋላክሲን አቧራ መለካት፦ ቁጥሩ ቀንሶ ቀለሙ ሰማያዊ ሲሆን

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የትንሹን የማጄላን ደመና (የፍኖተ ሐሊብ ጎረቤት የሆነች ትንሽ ጋላክሲ) አካባቢ የሚሸፍን፣ በብዙ ፊልተር (የተወሰነ ቀለም ብርሃን ብቻ በሚያሳልፍ ማጣሪያ) የተዘጋጀ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ካታሎግ አላቸው። ከደመናው ጀርባ የሚታዩትን ጋላክሲዎች በአይ ፊልተር (ከቀዩ ብርሃን ዳር ያለውን በሚያሳልፈው) ሲቆጥሩ፣ መሃሉ ላይ ያሉት ዳር ካሉት በግማሽ አንሰው አገኟቸው፤ የጎደሉትን የሸፈናቸው አቧራ ነው ብለውም ወሰዱ። የእነዚያኑ የመሃል ጋላክሲዎች ቀለም ሲለኩ ግን አቧራ ሰማያዊ ብርሃንን ከቀዩ ይልቅ ስለሚጋርድ መቅላት ሲገባቸው ብዙዎቹ ከዳሮቹ ይልቅ ሰማያዊ ሆኑ፤ ስሌቱም ከዜሮ በታች የሆነ አቧራ ሰጣቸው። የትኛውን ልመን? ከዜሮ በታች የወጡትን ልጣላቸው ወይ? ዘዴውስ ራቅ ላሉ ጋላክሲዎች ይሠራል? ይላሉ።

አሁን ባሉበት ሁኔታ ሁለቱንም አይመኑ። ቁጥሩም ቀለሙም በዋናነት የሚናገሩት ስለ ደመናው ከዋክብት መጨናነቅ ነው እንጂ ስለ አቧራው አይደለም። ይህን ያለ ምንም አዲስ ልኬት ማጣራት ይቻላል። ወደ ደብዛዛዎቹ በአንድ ማግኒቲዩድ (የድምቀት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲበልጥ አካሉ ደብዛዛ ነው) በወረድን ቁጥር የጋላክሲዎች ብዛት 2.5 እጥፍ ያህል ይጨምራል እንበል፤ በቀይ ፊልተሮች ለግምት የሚበቃ ቁጥር ነው። እንዲህ ከሆነ ቁጥሩን በግማሽ የሚቀንሰው አቧራ ብርሃኑን በአይ ፊልተር 0.75 ማግኒቲዩድ ማደብዘዝ አለበት። በተለመደው የፍኖተ ሐሊብ የአቧራ ሕግ፣ ማለትም አር-ቪ (የቪ ድብዘዛ ለመቅላቱ ያለው ተመን) 3.1 ሲሆን፣ ቢ ሲቀነስ ቪ (በሰማያዊውና በአረንጓዴ-ቢጫው ፊልተር መካከል ያለው የቀለም ልዩነት) በ1 ማግኒቲዩድ ሲቀላ ጂ (ሰማያዊ-አረንጓዴ) ፊልተር 3.30፣ አይ ፊልተር 1.70 ማግኒቲዩድ ይደበዝዛሉ። ስለዚህ በአይ 0.75 የደበዘዘ ጋላክሲ በጂ 1.46 ይደበዝዛል፤ ጂ ሲቀነስ አይ የሚባለው ቀለሙም 0.7 ማግኒቲዩድ መቅላት ነበረበት። ይህን ያህል መቅላት በዓይንም ይታያል። በሌሎች መንገዶች የምናውቀው የደመናው አማካይ መቅላትም ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው።

አንድ ማምለጫ አለ፤ ጠንቃቃ አንባቢ ያነሣዋልና ልመልሰው። አቧራው ወጥ ሆኖ ያልተዘረጋ፣ ግማሹን ሰማይ ድፍን አድርጎ የዘጋ ጉብታ ጉብታ ከሆነ፣ ከጉብታዎቹ ጀርባ ያሉት ጋላክሲዎች ጨርሰው ይጠፋሉ፣ በክፍተቱ የሚታዩት ደግሞ ምንም ሳይቀሉ ይቀራሉ። ቁጥር ይጎድላል፣ ቀለም አይለወጥም። ይህ በመርህ ደረጃ እውነት ነው፤ ራቅ ባሉ ጋላክሲዎችም በእርግጥ የሚያስቸግር ነገር ነው። ትንሹ ደመና ግን ያለው 62 ሺህ ፓርሴክ (አንድ ፓርሴክ 3.26 የብርሃን ዓመት ነው) ላይ ነው፤ በዚያ ርቀት አንድ አርክሚኒት (የዲግሪ ስልሳኛ) 18 ፓርሴክ ያህል ነው። ድፍን ደመናዎች ግማሹን ሰማይ ቢይዙ ኖሮ በካርታዎ ላይ ተለይተው ጥቁር ቀዳዳ ሆነው ይታዩ ነበር፤ በሩቅ ኢንፍራሬድ ምስሎችም አካባቢውን ሁሉ ይሞሉት ነበር። አይሞሉትም። ከዚያም በላይ ጉብታዎች ቀለሙን ሳይለወጥ ያቆዩት ይሆናል እንጂ ሰማያዊ አያደርጉትም።

ታዲያ ሰማያዊው ከየት መጣ? በቁጥር እንየው። ከጀርባ ያለ አንድ ቀይ ጋላክሲ በአይ 20.0፣ በጂ 21.5 ነው እንበል፤ ቀለሙ 1.5። ላዩ ላይ የደመናው አንድ ተራ ኮከብ፣ በአይ 22.0 በጂ 22.2 የሆነ፣ ቢያርፍበት ሶፍትዌሩ ሁለቱን እንደ አንድ አካል ይለካቸዋል። ኮከቡ በአይ የሚጨምረው 16 በመቶ ብቻ ነው፤ በጂ ግን 52 በመቶ ይጨምራል። ድምሩ በአይ 19.84፣ በጂ 21.04 ይሆናል፤ ቀለሙ 1.20። የ0.3 ማግኒቲዩድ ልዩነቱን ወደ ቢ ሲቀነስ ቪ ሲቀይሩት 0.19 ከዜሮ በታች ይወጣል። ኮከቡ ከጋላክሲው በ2 ማግኒቲዩድ ይደበዝዛል፤ ምስሉን በዓይን ቢያዩ እንኳ ላያስተውሉት ይችላሉ። በደመናው መሃል ደግሞ እንዲህ ያለ ኮከብ ሞልቷል። የቁጥሩም መቀነስ ምክንያቱ ይኸው ነው፦ ኮከብ የተደረበበት ጋላክሲ ነጥብ መስሎ በኮከብነት ይመደባል፣ ወይም ተቆራርጦ ከካታሎጉ ይወጣል፣ ወይም ካልተለዩት ከዋክብት ድምር ብርሃን በላይ መውጣት ያቅተዋል።

ከዜሮ በታች የወጡትን ግን አይጣሏቸው። ጋላክሲ በተፈጥሮው ቀለሙ ይለያያል፤ አቧራ ጨርሶ በሌለበት ሰማይ ላይ ብትለኩ ግማሾቹ ከአማካዩ በላይ፣ ግማሾቹ ከአማካዩ በታች ይወድቃሉ። የታችኞቹን ከጣሉ የቀሩት አማካይ ምንም አቧራ በሌለበት ቦታ አቧራ ይፈጥራል። ይኸው ስሕተት ተደብቆ የሚገባበት ሌላ መንገድ አለ፦ የብርሃን ሞዴል የሚያገጥመው ፕሮግራም መቅላትን ከዜሮ ጀምሮ ብቻ እንዲፈልግ ሲታዘዝ ነው። ይህ በብዙዎቹ ፕሮግራሞች የተለመደ አሠራር ስለሆነ አስቀድመው ይመልከቱት። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ከዜሮ በታችም እንዲሄድ መፍቀድ፣ ወይም ዳር ባለው ማነጻጸሪያ ሰማይ ላይ ያንኑ ፕሮግራም አሂዶ እዚያ የሚወጣውን ከዜሮ የራቀ አማካይ መቀነስ።

እዚህ ላይ ዘዴው በምን ላይ እንደቆመ መናገር ያስፈልጋል። ከጀርባ ያለ ጋላክሲን የመረጥነው ብርሃኑ የፊተኛውን ጋላክሲ አቧራ ሙሉ ለሙሉ አልፎ ስለሚመጣ ነው። የራሱ የደመናው ከዋክብት ከአቧራው ጋር ተደባልቀው ያሉ ናቸው፤ ግማሹ ከአቧራው ፊት ነው፣ ስለዚህ የሚሰጡት አማካይ ከሙሉው ያንሳል። አቧራው ራሱ በሩቅ ኢንፍራሬድ የሚያበራውን ብርሃን ብንለካ ደግሞ ውጤቱ በሙቀቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ ቀዝቃዛ አቧራ ብዙ ሆኖ ሳለ ጥቂት ያበራል። ከጀርባ የሚመጣ ብርሃን የአቧራውን ሙቀት አይጠይቅም። ምንጩ እጅግ ሩቅ ስለሆነም አቧራው በትኖ ወደ እኛ የሚመልሰው ብርሃን ከቁጥር አይገባም። በምላሹ አንድ ብቻ ነገር ይጠይቀናል፦ ያ ጀርባ አቧራው ባይኖር ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ። ሁሉም የዚህ ቤተሰብ ዘዴዎች የሚለያዩት ይህንን በሚመልሱበት መንገድ ነው፤ ሁሉም የሚወድቁትም እዚሁ ላይ ነው።

ለእርስዎ ካታሎግ የሚሻለው የቀለም መንገድ ነው። መጀመሪያ ከዋክብቱን ያውጡ። በጋያ ሳተላይት ልኬት የራሱ እንቅስቃሴ ያለው ሁሉ ጋላክሲ አይደለምና ይውጣ። ቀጥሎ ስፋቱ ከኮከብ ምስል የማይበልጠው ይውጣ። ከዚያ ቅርብ ኢንፍራሬድ ካለዎት፣ ለምሳሌ በቪስታ ቴሌስኮፕ የተሠራው የማጄላን ደመናዎች ጥናት የሚሰጣቸው ዋይ፣ ጄና ኬ-ኤስ የተባሉ ፊልተሮች፣ ጄ ሲቀነስ ኬ-ኤስ በቬጋ ሚዛን (ቬጋ የተባለውን ኮከብ ዜሮ አድርጎ በሚለካው) ከ1 በላይ የሆኑትን ያስቀሩ፤ ከዋክብት አብዛኞቹ ከዚያ በታች ናቸው። የቀረውን ናሙና በናሙና በዓይን ይዩ። በትንሹ ደመና ውስጥ ያሉ የኮከብ ክምችቶችና የጋለ ጋዝ አካባቢዎች ሰፋ ብለው ስለሚታዩ ጋላክሲ መስለው ይገባሉ፤ ሰማያዊም ናቸው።

ናሙናውን የሚመርጡበት የብርሃን ወሰን በአጭር ሞገድ ሳይሆን በኬ-ኤስ ይሁን። በጂ 23 የሚል ወሰን ካደረጉ፣ አቧራው ጋላክሲውን ከወሰኑ በታች ሲገፋው ከናሙናው ይወጣል፤ በጣም የተሸፈኑት ይጠፉና የሚቀሩት ያልተሸፈኑት ይሆናሉ። አማካዩ እውነተኛው መቅላት ሳይሆን የተረፉት መቅላት ነው። በኬ-ኤስ ድብዘዛው ከቢ ሲቀነስ ቪ መቅላት 0.3 እጥፍ ገደማ ብቻ ስለሆነ ይህ ወጥመድ በጣም ይለዝባል።

ቀጥሎ ከቻሉ አዲስ ኮከብ መውለድ ያቆሙትን፣ በራሳቸው ውስጥ አቧራ የሌላቸውን ቀያይ ጋላክሲዎች ብቻ ይምረጡ። ትርፉ በስሌት ይታያል። የሁሉም ዓይነት ጋላክሲዎች የጂ ሲቀነስ አይ ቀለም በ0.4 ማግኒቲዩድ የሚበተን ከሆነና መቅላቱን በ0.03 ትክክለኛነት ከፈለጉ፣ በጂ ሲቀነስ አይ 0.048 ማለት ነው፣ በአንድ የካርታ ክፍል ውስጥ 70 ያህል ጋላክሲዎች ያስፈልጉዎታል። ቀያዮቹ የሬድሺፍታቸው (ርቀታቸውን የሚናገረው የብርሃናቸው ወደ ረጅም ሞገድ መሳብ) ጥርጣሬ ተጨምሮበት በ0.1 ቢበተኑ 4 ወይም 5 ይበቃሉ። ችግሩ ቀያዮቹ ጥቂት መሆናቸውና በክምችት መኖራቸው ነው። ሌላም ጥንቃቄ አለው፦ በአቧራ የቀላ ሰማያዊ ጋላክሲ ቀይ ጋላክሲ መስሎ ወደ ምርጫው ሊገባ ይችላል፤ ከቀለም የሚገመት ሬድሺፍትም ከመቅላቱ ጋር ይምታታል። ስለዚህ ዓይነታቸውን የሚለዩበት ቀለም ከረጅም ሞገዶች ይሁን፤ መቅላቱን የሚለኩበት ከአጭሮቹ። አንዱን ቀለም ለሁለቱም አይጠቀሙ።

የልኬቱ አሠራር ላይ ሰው ችላ የሚለው ጉዳይ የምስሎቹ ጥርት (የኮከብ ምስል ምን ያህል እንደሚሰፋ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይሻላል) ነው። የጂ ምስል 1.2 አርክሰከንድ፣ የአይ ምስል 0.9 አርክሰከንድ ጥርት ካላቸውና በአንድ ዓይነት ክብ ከለኩ፣ በጂ ላይ ከክቡ የሚፈሰው ብርሃን ይበልጣል፤ ጋላክሲው ሳይቀላ የቀላ ይመስላል። የየቦታው ምስል የተነሣበት ሌሊት ስለሚለያይ ይህ በካርታው ላይ የአቧራ ቅርጽ ይዞ ይወጣል፤ ቅርጹ ከካሜራው ወሰን ጋር ከገጠመ ምንጩን አወቁት። ሁሉንም ምስሎች ከሁሉ በከፋው ጥርት ልክ አደብዝዘው አንድ ያድርጓቸው፣ ከዚያ ይለኩ። የካታሎጉን ዝግጁ ልኬት ብቻ ይዘው ከሆነ ቢያንስ ይህ መደረጉን ሰነዱ ላይ ያረጋግጡ።

ከሚያገኙት መቅላት ላይ የፍኖተ ሐሊብን ድርሻ መቀነስ አለ። ብዙዎች በ1998 የወጣውን የሽሌግል፣ ፊንክባይነርና ዴቪስ የፍኖተ ሐሊብ አቧራ ካርታ በየነጥቡ ይወስዳሉ። ለማጄላን ደመናዎችና ለአንድሮሜዳ ይህ አይሆንም፤ ካርታው የተሠራው ከአቧራው ሙቀትና ብርሃን ሲሆን በእነዚህ ጋላክሲዎች ላይ የራሳቸውን አቧራ ስለሚያይ ልትለኩት የተነሣችሁትን ነገር ቀድሞ ይቀንስባችኋል። በዙሪያቸው ካለው ሰማይ የተወሰደው መካከለኛ የቢ ሲቀነስ ቪ መቅላት ለትንሹ ደመና 0.037፣ ለትልቁ 0.075፣ ለአንድሮሜዳ 0.062 ነው፤ ወጥ አድርገው ይህንን ይቀንሱ። ከካርታው በቀጥታ የተወሰደ ቁጥር በ2011 በተደረገው እርማት መሠረት በ0.86 ይባዛል፤ ከላይ የተጠቀምንባቸው 3.30 እና 1.70 ግን ያንን እርማት አስቀድመው ስለያዙ ከእነሱ ጋር ደግመው አያባዙ።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልመለስ፤ መንገዱ ያረጀ ነውና ሊናቅ አይገባም። በ1930ዎቹ ኤድዊን ሃብል የራሳችን ጋላክሲ አቧራ በፍኖተ ሐሊብ ወገብ በኩል ያሉትን ጋላክሲዎች እንደሚሰውር ያሳየው በቆጠራ ነው፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሻፕሊም በትንሹ ደመና በኩል የሚታዩትን ቆጥሮ ደመናው ምን ያህል ብርሃን እንደሚያሳልፍ ሊያውቅ ሞክሯል። የቀድሞዎቹ ቆጠራዎች እርስ በርስ ያልተስማሙት አሁን እርስዎን የገጠመዎትን መጨናነቅ መለየት ስላልቻሉ ነው። በ1998 ሮዛ ጎንዛሌዝና ባልደረቦቿ መፍትሔውን አመጡ፤ ቤኔ ሆልወርዳ ከአጋሮቹ ጋር በብዙ የሃብል ቴሌስኮፕ ምስሎች ላይ አስፋፋው። አሳቡ ቀላል ነው፦ ስንት ጋላክሲ መታየት እንደነበረበት ከመገመት ይልቅ ጋላክሲ ራሳችሁ ጨምሩና ስንቱን መልሳችሁ እንደምታገኙ እዩ።

በእርስዎ ምስል ላይ እንዲህ ይሠራል። ከደመናው ራቅ ብሎ በዚያው ካሜራና በዚያው ጥልቀት ከተነሣ ባዶ ሰማይ የእውነተኛ ጋላክሲዎችን ቁራጭ ምስል ያውጡ። ሃሳባዊ ለስላሳ ሞላላ ቅርጾች አይበቁም፤ እውነተኛ ጋላክሲ ክንድና ጉብታ ስላለው ሶፍትዌሩ የሚቆራርጠው በሌላ መንገድ ነው። ቁራጮቹን በሁሉም ፊልተር በአንድ ቦታ በደመናው ምስል ላይ ይደምሩ። በአንድ ዙር የሚጨምሩት ጥቂት ይሁን፤ ብዙ ከሆነ የጨመሯቸው እርስ በርስ ይጨናነቁና ያልነበረ ችግር ይፈጥራሉ። ዙሩን ማብዛት ይሻላል። ከዚያ ያለ ድብዘዛ፣ ቀጥሎ በአይ በ0.25፣ በ0.5፣ በ0.75 እያሉ እስከ 2 ማግኒቲዩድ አደብዝዘው ይድገሙ፤ ጂውን በዚያው ሕግ፣ ማለትም በ3.30 ለ1.70 ተመን፣ አብረው ያደብዝዙ። በየዙሩ ያንኑ መፈለጊያ፣ ያንኑ የኮከብና ጋላክሲ መለያ፣ ያንኑ የቀለም ወሰን ያሂዱ። አንድም ነገር በእጅ አያስተካክሉ። የተገኙትን ቁጥር ከድብዘዛው ጋር በግራፍ ያስቀምጡና በእውነቱ ምስል ያገኙት የጋላክሲ ቁጥር የትኛው ድብዘዛ ላይ እንደሚወድቅ ያንብቡ።

ያለ ምንም ድብዘዛ የጨመሯቸው ጋላክሲዎች መሃል ላይ ግማሾቹ ብቻ ከተገኙ፣ የጥያቄዎ መልስ እዚያው አለቀ ማለት ነው፤ የጎደለውን ሁሉ ያጎደለው መጨናነቁ ነው። ይኸው ሙከራ ሁለተኛ ስጦታም አለው። የጨመሩት ጋላክሲ እውነተኛ ቀለም በእጅዎ ስላለ፣ ተመልሶ ሲለካ በስንት ሰማያዊ እንደሆነ ያያሉ፤ ያ ቁጥር የቀለም ካርታዎ እርማት ይሆናል። እኔ ለቆጠራ ባይፈለግ እንኳ ለዚህ እርማት ሲባል ብቻ ሙከራውን አደርገዋለሁ።

የቆጠራው ስሕተት ከሚመስለው በላይ ትልቅ ነው። በአንድ ክፍል 100 ጋላክሲ ቢኖር የቆጠራ መዋዠቁ 10 ጋላክሲ ነው፤ ይህም ወደ ድብዘዛ ሲቀየር 0.11 ማግኒቲዩድ ይሆናል። ጋላክሲዎች ግን ተራርቀው የተዘሩ አይደሉም፤ ክምችትና ባዶ ቦታ አላቸው። ስለዚህ ትክክለኛውን ስሕተት የሚያገኙት ከካሬ ሥር ሳይሆን፣ እኩል ስፋት ያላቸው ብዙ ማነጻጸሪያ ሰማዮች ወስደው እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚለያዩ በማየት ነው። ከጀርባ የታወቀ የጋላክሲ ክምችት ያለበትን ክፍል ቀድመው ያውጡት፤ አለዚያ ከአማካዩ የበለጠ ቁጥር ይሰጥና አቧራው እንደገና ከዜሮ በታች ይሆናል።

ዘዴው ራቅ ላሉት ይሠራል ወይ ለሚለው፣ ርቀቱ ዘዴውን ይመርጣል። የማጄላን ደመናዎችን የመሰሉ በጣም ቅርቦች ሰማዩን ሰፊ አድርገው ስለሚይዙ ለቀለም አማካይ ይመቻሉ፤ ለቆጠራ ግን ከዋክብታቸው ያውካሉ። በጥቂት ሚሊዮን ፓርሴክና በጥቂት አሥር ሚሊዮን ፓርሴክ መካከል ላሉት በሃብል ምስሎች ላይ ሰው ሠራሽ ጋላክሲ እየጨመሩ መቁጠር ይሆናል፤ ከዋክብቱ ይለዝባሉ፣ ሰሌዳውም ገና ሰፊ ነው። በዚህ መንገድ የተጠኑት ዲስኮች ክንዶቻቸው ከክንዶቹ መካከል ካለው ቦታ ይልቅ ብርሃን እንደሚጋርዱ፣ ድብዘዛውም ወደ ዳር እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይተዋል። የአንድ ጋላክሲ ቁጥር ብቻውን ትንሽ ስለሚሆን ግን ብዙ ጋላክሲዎችን በራዲየሳቸው አስተካክለው ይደምራሉ።

ከዚያ በላይ ለራቁት በጣም የማምንበት መንገድ ተደራራቢ ጥንዶች ናቸው፦ አንድ ጠምዛዛ ጋላክሲ ፊት ለፊት፣ ሌላ ጋላክሲ በከፊል ከጀርባው። ሬይመንድ ዋይትና ዊልያም ኪል በ1992 ያቀረቡት አሠራር ይህ ነው፦ በተደራረቡበት ቦታ የምናየው ብርሃን የፊተኛው ብርሃንና አቧራውን ያለፈው የኋለኛው ብርሃን ድምር ነው። የፊተኛውን ብርሃን ከራሱ መሃል በ180 ዲግሪ ተቃራኒ ካለው፣ ካልተደረበበት ነጥብ እንወስዳለን፤ የኋለኛውንም እንዲሁ ከራሱ ተቃራኒ ነጥብ። ከዚያ፦

የሚያልፈው ብርሃን = (በተደራረበው ቦታ የታየው − የፊተኛው) ÷ የኋለኛው

ቁጥር እንስጠው። የታየው 1.00፣ ፊተኛው 0.30፣ ኋለኛው 1.20 ከሆነ የሚያልፈው 0.58 ነው፤ ድብዘዛው 0.59 ማግኒቲዩድ። ፊተኛውን በ20 በመቶ ብንሳሳት መልሱ ከ0.50 እስከ 0.68 ይሄዳል፤ ይቻላል። ጥቁር የአቧራ ክንድ ላይ ሄደን የታየው 0.50 ቢሆን ግን የሚያልፈው 0.17፣ ድብዘዛው 1.9 ነው፤ ያው የ20 በመቶ ስሕተት መልሱን ከ1.7 እስከ 2.3 ይወስደዋል። ስለዚህ አቧራው በወፈረ ቁጥር ውጤቱ የሚንጠለጠለው በፊተኛው ጋላክሲ መመሳሰል ላይ ነው። ክንዶቹ ደግሞ ፍጹም አይመሳሰሉም፤ በአንዱ በኩል ያለ ወጣት የኮከብ ክምችት በሌላው ላይኖር ይችላል። የኋለኛው ብርሃን ከፊተኛው የሚደምቅበትን ቦታ ይምረጡ፤ የፊተኛው ከበለጠ ይተዉት። ከጀርባው ያለው ሞላላና ለስላሳ ጋላክሲ ሲሆን ይመረጣል፤ በጋልፊት ወይም በመሰሉ ፕሮግራም በሞዴል ሊገጥሙት ይችላሉ፣ ተቃራኒ ነጥብም አያስፈልግም።

ሁለቱ በእርግጥ ተራርቀው ያሉ መሆናቸውን ግን በስፔክትረም ያረጋግጡ። የፍጥነታቸው ልዩነት በሰከንድ ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ብቻ ከሆነ እርስ በርስ እየተሳሳቡ ያሉ ጎረቤቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የተጎተተ ጋላክሲ ደግሞ መመሳሰሉ የፈረሰ ነው። በሃይድራ ህብረ ኮከብ ያለው ኤንጂሲ 3314 ሁለት ጠምዛዛዎች አንድ ላይ የወደቁበት ዝነኛ ጥንድ ነው። ቪቪ 191 ደግሞ በጄምስ ዌብና በሃብል አንድ ላይ የተጠና ነው፤ ከጠምዛዛው ጀርባ ሞላላው ስላለ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ከኤንጂሲ 253 አጠገብ በሃብል ምስል ላይ የተገኘ አንድ ጥንድ ደግሞ የፊተኛው ጋላክሲ አቧራ የኮከብ ብርሃኑ ከሚያልቅበት በላይ እንደሚዘልቅ አሳየ፤ በዚያ ያለውን አቧራ ያጋለጠው ከጀርባው ብርሃን መኖሩ ብቻ ነው። ጥንድ የሚፈልጉ ከሆነ የጋላክሲ ዙ (ሰዎች በኢንተርኔት የጋላክሲ ምስሎችን የሚለዩበት ፕሮጀክት) በጎ ፈቃደኞች ለይተው ያወጡት፣ በ2013 የታተመው ካታሎግ 1,990 ጥንዶች አሉት።

ከጥንዶች የአቧራ ሕግ፣ ማለትም በየሞገዱ ያለውን ድብዘዛ፣ ለማውጣት ከተመኙ ያ ከላይ ያነሣሁት የጉብታ ጉዳይ በሙሉ ኃይሉ ይመጣል። በአንድ ፒክሰል ውስጥ ግማሹ ድፍን፣ ግማሹ ክፍት ከሆነ በሁሉም ፊልተር ግማሹ ብርሃን ያልፋል፤ ድብዘዛው በሁሉም 0.75 ነው፣ መቅላት የለም። ቅንጣቶቹ የተለመዱ ሆነው ሳለ ትልልቅ መስለው ይታያሉ። ይህን ለማስወገድ ከ100 ፓርሴክ የተሻለ ጥርት ያስፈልጋል። በ100 ሚሊዮን ፓርሴክ ላይ አንድ አርክሰከንድ 485 ፓርሴክ ነው፤ የመሬት ቴሌስኮፕ አይበቃም፣ 0.1 አርክሰከንድ ያለው ሃብል ይበቃል። ካልበቃዎት ድብዘዛውን ይዘግቡ፣ ስለ ቅንጣቶቹ ግን ምንም አይናገሩ።

ከዲስኩ ውጭ ባለው ሰፊ ዙሪያ መቅላቱ በጣም ጥቂት ስለሆነ አንድ ጋላክሲ ብቻውን ምንም አይነግርም። ብሪስ ሜናርና ባልደረቦቹ በ2010 85 ሺህ ያህል ኳዛሮችን (እጅግ ሩቅና ደማቅ የጋላክሲ እምብርቶችን) ከ20 ሚሊዮን በላይ ጋላክሲዎች ጋር አዛምደው፣ አቧራ ከጋላክሲዎች መሃል ከ20 ሺህ ፓርሴክ አንሥቶ እስከ ሚሊዮኖች ፓርሴክ እንደሚዘረጋ ያሳዩት በአማካይ ብቻ ነው። ለአንድ የቅርብ ጋላክሲ ዙሪያ ይህን መሞከር በፊልተሮቹ ልኬት ላይ የሺኛ ማግኒቲዩድ እምነት ይጠይቃል።

በመጨረሻ ድብዘዛውን ወደ አቧራ ክብደት መቀየር ከፈለጉ፣ በድሬይንና ሊ የአቧራ ቅንጣት ሞዴል በቪ 1 ማግኒቲዩድ በካሬ ኪሎፓርሴክ 135 ሺህ የፀሐይ ክብደት ያህል አቧራ ነው። ይህ ለፍኖተ ሐሊብ ዓይነት ቅንጣቶች የተሠራ ስለሆነ ብረታ ብረት (ከሂሊየም የከበዱ ንጥረ ነገሮች) ላነሰው ትንሹ ደመና በዚያው ሞዴል ቤተሰብ ያለውን የትንሹን ደመና ቅንጣት ይጠቀሙ። ያገኙትን ከሩቅ ኢንፍራሬድ ከተገመተው ጋር ሲያነጻጽሩ ባይገጥም አይደንግጡ፤ በአንድሮሜዳ ላይ በ2015 በቀያይ ግዙፍ ከዋክብት የተለካው ድብዘዛ፣ ከአቧራው ብርሃን የተገመተው 2.5 እጥፍ ያህል እንደተጋነነ አሳይቷል። ልዩነቱን ለማስታረቅ ብለው የራስዎን ቁጥር አይጎትቱ። ካርታውን ሲያወጡ በየክፍሉ የጋላክሲዎቹን ቁጥር፣ ከሰው ሠራሽ ጋላክሲዎቹ የወጣውን የቀለም እርማትና የማነጻጸሪያ ሰማዮቹን መዋዠቅ አብረው ይስጡ፤ እርማቱ ከመቅላቱ የሚበልጥባቸውን ክፍሎች ደግሞ ባዶ ይተዉአቸው።